ሥራ ለማቆም ስንት ብር ይበቃል?
የባንክ ደብተር፣ ዕቁብ፣ አክሲዮን፣ ቤትና ጡረታ በሒሳብ ሲመዘኑ

"አምሳ ዓመት ሲሞላኝ ሱቁን ለልጆቼ አስረክቤ አርፋለሁ" የሚል ነጋዴ በመርካቶም ሆነ በሌላው ገበያ ሞልቷል። ይሁንና "ለማረፍ ስንት ብር ያስፈልግዎታል?" ተብሎ ሲጠየቅ በቁጥር የሚመልሰው ጥቂት ነው። አንዱ አሥር ሚሊዮን ይላል። ሌላው "አንድ የሚከራይ ቤት ካለኝ ሌላ አልፈልግም" ይላል። ሦስተኛው "እሱ ፈጣሪ ያውቃል" ብሎ ያልፈዋል።

ጉዳዩ ግን ከሌላው ንግድ ያልተለየ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ግብር ድርሻውን ካነሳ፣ የዋጋ ንረትም የብሩን አቅም ከቀነሰ በኋላ በየዓመቱ ለቤት ወጪ የሚተርፍ ገቢ ያለው ሰው ሥራ ማቆም ይችላል። ይህ ትርፍ የሌለው ሰው ግን ደብተሩ ላይ የሰፈረው ቁጥር የቱንም ያህል ቢረዝም ዕረፍቱ የጊዜ ጉዳይ ሆኖ ያበቃል።

ሃያ አምስት እጥፍ

በውጭው ዓለም በዚህ ረገድ በሰፊው የሚጠቀስ ስሌት አለ። ዊልያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የፋይናንስ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት የአሜሪካን የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ የረዥም ዘመን ታሪክ መረመረ። ጡረተኛው በመጀመሪያው ዓመት ከጥሪቱ 4 በመቶ ያህል ቢያወጣ፣ በኋላም ወጪውን ከዋጋ ንረት ጋር እያስተካከለ ቢቀጥል ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት ይቆያል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። አራት በመቶ ማለት የአንድ ዓመት ወጪ በ25 ሲባዛ ማለት ነው።

ለአብነት በወር 40 ሺህ ብር የሚያወጣ ቤተሰብ እንውሰድ። የዓመት ወጪው 480 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ በ25 ሲባዛ 12 ሚሊዮን ብር ይመጣል። በዚህ ስሌት 12 ሚሊዮን ብር የያዘ ሰው ነገውኑ ሱቁን ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው።

ስሌቱ ግን የሚሠራው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ጥሪቱ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት በላይ ማትረፍ አለበት። የአሜሪካ ገበያ በረዥሙ ሲታይ ይህን አድርጓል። የእኛ አገር የባንክ ደብተር ግን ለረዥም ጊዜ የሠራው የተገላቢጦሹን ነው።

ደብተሩ ሲቆጠር

ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ ጣሪያን በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር እንዲነሳ ደንግጓል። በዚህ መሠረት አንድ ሚሊዮን ብር በዓመት 70 ሺህ ብር ይወልዳል። ከዚህ ላይ 3,500 ብር ለግብር ይሄድና 66,500 ብር ለቆጣቢው ይቀራል።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዋጋ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ባለፈው ዓመት በአንድ ሚሊዮን ብር ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት 1,140,000 ብር ያስፈልጋል ማለት ነው። ቆጣቢው በእጁ ያለው 1,066,500 ብር ነው። ወለድ ተቀብሎም 73,500 ብር ከስሯል። ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ኪሳራው ከ230 ሺህ ብር ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ 12 ሚሊዮኑን ወደያዘው ሰው እንመለስ። ገንዘቡን ሁሉ በ7 በመቶ ወለድ በቁጠባ ደብተር አስቀምጦ፣ ንረቱም በ14 በመቶ ጸንቶ፣ የዛሬውን 480 ሺህ ብር የሚያህል አስቤዛ በየዓመቱ ቢያወጣ ጥሪቱ የሚቆየው 15 ዓመት ብቻ ነው። በ50 ዓመቱ ያረፈ ነጋዴ በ65 ዓመቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ያን ጊዜ ወደ ሱቁ ልመለስ ቢል ጉልበቱም ደንበኛውም የሉም።

በውጭ ምንዛሪ ዓይን ሲታይ ነገሩ የባሰ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዋዜማው ላይ 100 ሺህ ዶላር ያወጣ የነበረ 5 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር በዚያ አጭር ጊዜ ከ57 ሺህ ዶላር በታች ወረደ። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነጋዴ ይህን ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም።

በርከት ያለ ገንዘብ ያለው ሰው ከባንኩ ጋር ተደራድሮ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ የተሻለ ወለድ ሊያገኝ ይችላል። የግምጃ ቤት ሰነድም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው በጨረታ እየተወሰነ በመሸጥ ላይ ስለቆየ፣ ከዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ የበለጠ የተገኘባቸው ጨረታዎች አሉ። ሁለቱም ከደብተር ይሻላሉ። የሚመዘኑትም በዚያው ሚዛን ነው፤ ወለዱ ከንረቱ በለጠ ወይስ አነሰ?

የዕቁብ ዕጣ

ነጋዴው ከባንክ ይልቅ የሚያምነው ዕቁብን ነው። ዕቁብ ወለድ የለውም ቢባልም በንረት ዘመን ስውር ወለድ አለው። 50 አባላት በየሳምንቱ 5 ሺህ ብር ይጥላሉ እንበል። እያንዳንዱ በተራው 250 ሺህ ብር ይወስዳል። ንረቱ በዓመት 20 በመቶ ከሆነ የመጨረሻው ባለዕጣ የሚቀበለው 250 ሺህ ብር በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋ ሲተመን 210 ሺህ ብር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ባለዕጣ ያለ ወለድ ሲበደር የመጨረሻው ያለ ወለድ አበድሯል ማለት ነው።

በንግድ ዕቁቦች ዕጣ የሚሸጠውና የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ዕጣውን ቀድሞ ያወጣ ሰው ገንዘቡን ዕቃ ላይ ወይም ሌላ ሀብት ላይ ካዋለው ዕቁብ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል። ዕጣውን ወስዶ ደብተር ላይ የሚያሳድር ግን ያገኘውን ብልጫ በገዛ እጁ ይመልሳል።

25 በመቶ ወይስ 15?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክ እንዲቋቋም ከፈቀደ ወዲህ የባንክ አክሲዮን የከተሜው ባለሀብት ዋና መሸሸጊያ ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክን 486 ባለአክሲዮኖች በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል መሠረቱት። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ደግሞ የአንድ ባንክ ዝቅተኛ ካፒታል እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ጠየቀ። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የበለጸጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

አክሲዮን የሚገዛ ሰው ግን የሚነገረውን መቶኛ አጣርቶ መስማት አለበት። "ባንኩ ዘንድሮ 25 በመቶ ከፈለ" ሲባል የሚሰላው በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ሆኖ ገዥው በደላላ በኩል 1,500 ብር ከፍሎ ከሆነ የትርፍ ድርሻው 250 ብር ነው። በ2008ቱ አዋጅ ምጣኔ 10 በመቶ ግብር ሲነሳ 225 ብር ይቀራል። ይህ ገዥው ካወጣው 1,500 ብር ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ነው። ከ25 ወደ 15 የወረደው በማንም ማታለል ሳይሆን በፕሪሚየሙና በግብሩ ነው። ገዥው ግን ዋጋውን የተስማማው 25ቱን እያሰበ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የትርፍ ድርሻው በጥሬ ገንዘብ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ካፒታል የማሳደግ ግዴታ ሲመጣ ጠቅላላ ጉባኤው ትርፉ ወደ አክሲዮን ይዙር ብሎ የሚወስንበት ጊዜ አለ። ይህ ለወጣቱ ባለአክሲዮን መልካም ዜና ነው፤ ሀብቱ ያድጋል። ሥራ አቁሞ ትርፉን ለአስቤዛ ለሚጠብቀው ግን በዚያ ዓመት በእጁ የሚገባው ወረቀት ብቻ ነው። ከዚያም በላይ አዲሱን አክሲዮን ያልገዛ ሰው በባንኩ ውስጥ ያለው ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሦስተኛው የሕግ ነገር ነው። በ2009 ዓ.ም. የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ሲደረግ የተከፈላቸው በተጻፈው ዋጋ ነበር። በጨረታ ከዚያ በላይ የተገኘው ለእነርሱ አልሆነም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሕጉ ተሻሽሎ በሩ ቢከፈትላቸውም ያን ጊዜ ያመለጣቸው ገንዘብ አልተመለሰም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ወንድም በስሙ አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት ይህን ታሪክ ማወቁ አይከፋም።

ሲፈለግ የሚሸጥ ሀብት

ለወጉ "ሀብት አለኝ" ማለት አንድ ነገር ነው፤ በሕመም ወይም በድንገተኛ ወጪ ቀን ሸጦ ገንዘብ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት አክሲዮን ሻጭና ገዥ የሚገናኙት በደላላና በትውውቅ ነበር። ዋጋውን የሚወስነው የባንኩ ጤንነት ብቻ ሳይሆን የሻጩ ችግር ጭምር ነበር። የቸኮለ ሻጭ ሁልጊዜ በርካሽ ይሸጣል።

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የዚህ ገበያ ትልቁ ጥቅም ዋጋ በአደባባይ እንዲታወቅ ማድረጉ ነው። ይሁንና ገበያ መከፈቱና ገዥ መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገዥና ሻጭ በብዛት እስኪለምዱት ድረስ ባለአክሲዮኑ "ነገ እሸጠዋለሁ" በሚል ሒሳብ ኑሮውን ባያቅድ ይሻላል።

የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች እያንዳንዳቸው በ300 ብር ለሕዝብ ቀረቡ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን፣ 47,377 ገዥዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ከፍለዋል። በአማካይ ለአንድ ሰው ወደ 68 ሺህ ብር ይደርሳል። ትንሽ ቆጣቢ ወደ ገበያው መምጣቱ ታይቷል፤ ከቀረበው ውስጥ ወደ ዘጠኝ አሥረኛው ሳይሸጥ መቅረቱም ታይቷል።

ቤትና ኪራዩ

ቤት በንረት ዘመን ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ ይህ የማይካድ ነው። ሆኖም ዋጋውና ገቢው ተለይተው ይታዩ። 12 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በወር 45 ሺህ ብር ቢከራይ የዓመቱ ገቢ 540 ሺህ ብር ወይም 4.5 በመቶ ነው። የኪራይ ግብር፣ ዕድሳትና ተከራይ የጠፋባቸው ወራት ሲቀነሱ የሚቀረው ከ4 በመቶ በታች ይወርዳል። በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ የሚመለከተው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲደረግ ደንግጓል። በኪራይ ብቻ ለመኖር ያሰበ ሰው ገቢው በንረቱ ልክ ላይጨምር እንደሚችል ይወቅ።

ሌላው የቤት ጠባይ ተቆርሶ አለመሸጡ ነው። ለሕክምና 300 ሺህ ብር የሚፈልግ ሰው አንድ መኝታ ክፍል ነጥሎ መሸጥ አይችልም። ሀብቱ በሙሉ አንድ ቤት የሆነበት ሰው ባለጠጋ እየተባለ ብር ሊቸግረው የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው።

ጡረታ ለማን?

በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የጡረታ መብት ሰጥቶታል። መዋጮው ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚደርስ ሲሆን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከዚህ አምስት ዓመት ቀድሞ በ55 ዓመቱ ጡረታ ሊጀምር ይችላል። ቀመሩ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል። 25 ዓመት የሠራ ሰው 48.75 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 30 ሺህ ብር ከነበረ ጡረታው በወር 14,625 ብር ነው።

ከዚህ በፊት የመንግሥት አገልግሎት የሌለውና በግል ድርጅት ብቻ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያዋጣ ሠራተኛ 25 ዓመቱን የሚሞላው በ2028 ዓ.ም. ነው። ባለሱቁ፣ አስመጪውና ደላላው ግን ተቀጣሪ ስላልሆኑ በዚህ ግዴታ ውስጥ የሉም። ለሠራተኞቻቸው ያዋጣሉ፤ ለራሳቸው የሚያዋጣላቸው አሠሪ የለም። ስለዚህ ነጋዴ ያንን 18 በመቶ በራሱ ላይ ግዴታ አድርጎ ከየወሩ ገቢው ቢለይ በሱቁ ካፒታልና በእርጅናው ጥሪት መካከል ድንበር ያበጃል። ይህ ድንበር በሌለበት ሱቁ የከሰረ ዕለት ጡረታውም አብሮ ይከስራል።

ግብርን ማቀድና ግብርን መሸሽ

ግብር መሸሽ ዕቅድ አይደለም። የተደበቀ ገቢ ባንክ አያበድርበትም፣ ቤት ሲገዛ ምንጩ ያስጠይቃል፣ ለልጅ ሲተላለፍም ጣጣ ያወርሳል። ግብር ማቀድ የሚባለው ሕጉ የሰጠውን ሳያስቀሩ መጠቀም ነው። የመጀመሪያው ደረሰኝና የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው፤ ያልተመዘገበ ወጪ ከትርፍ ላይ አይቀነስም። ሁለተኛው የግዢ ሰነድ ማስቀመጥ ነው። ቤት ወይም አክሲዮን ሲሸጥ ግብሩ የሚታሰበው በግዢና በሽያጭ ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ የገዛበትን ማስረዳት ያልቻለ ሰው ያላተረፈውን ትርፍ ሊከፍል ይችላል። በ2008ቱ አዋጅ ይህ ግብር በሕንፃ ላይ 15፣ በአክሲዮን ላይ 30 በመቶ ሆኖ ተደንግጎ ነበር።

አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። ከደመወዝ ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ 35 በመቶ የሚከፈለውም ከ14 ሺህ ብር በላይ ባለው ላይ ሆኗል። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕግ እንደሚለወጥ ይህ ራሱ ምስክር ነው። ስለሆነም የጡረታ ስሌት የሚሠራ ሰው የግብሩን መስመር በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በወቅቱ ምጣኔ ደግሞ ይሙላ።

ሁለት ባላ

አባቶች "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ያሉት ለዚህ ይስማማል። ደብተር ሲፈለግ ይገኛል፤ ንረት ግን ይበላዋል። ቤት ንረትን ይቋቋማል፤ ቶሎ ግን አይሸጥም። አክሲዮን የተሻለ ያስገኛል፤ የጉባኤ ውሳኔና የሕግ ለውጥ ግን ይነካዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላልና፣ የአንድ ዓመት አስቤዛ በባንክ አስቀምጦ የቀረውን በኪራይ ቤትና ከአንድ በላይ በሆኑ ኩባንያዎች አክሲዮን የከፈለ ሰው በአንዱ መውደቅ አይወድቅም። ከትርፍ ድርሻውም የተወሰነውን መልሶ ማስገባት አለበት፤ ንረቱ 14 በመቶ በሆነበት ዓመት 15 በመቶውን ሁሉ የበላ ሰው፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ካላደገለት፣ ዋናውን እየበላ ነው።

ሱቁን ከመዝጋት በፊት ደግሞ በየቤቱ ሊሞከር የሚችል ፈተና አለ። አንድ ሙሉ ዓመት፣ ሱቁ እየሠራ፣ የቤቱ ወጪ ሁሉ ከኪራይ፣ ከትርፍ ድርሻና ከወለድ ብቻ ይሸፈን፤ የሱቁ ትርፍ ለአስቤዛ አይነካ። ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቡ በቅቶ የሚመለስ ትርፍ ከተገኘ ባለሱቁ ሊያርፍ ይችላል። በሰባተኛው ወር ላይ ከሱቁ መሳቢያ መበደር ከጀመረ ግን የጎደለውን መጠን በብር ያውቀዋል፤ ገና ጉልበት ሳለውም ይሞላዋል።